አበባ የምትመስለው እንስሳ

(የውሃ መንቆርቆር ድምፅ፤ ቀስ ብሎ ይደበዝዛል)

የናይሮቢው ጊጊሪ ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ሰፈር ነው። እዚያ ቤት ውስጥ የባሕር አኒሞኒ በገንዳ ማኖር ባሕርን ወደ ደጋ እንደ መውሰድ ነው።

አኒሞኒ አበባ ብትመስልም እንስሳ ናት። በሥጋዋ ውስጥ የሚኖሩ ደቃቅ አልጌዎች ከብርሃን ምግብ ስለሚያዘጋጁላት ብርቱ መብራት ትሻለች።

ውሃዋ በሊትር 35 ግራም ገደማ ለዓሣ ገንዳ የተዘጋጀ የባሕር ጨው ይፈልጋል፤ የወጥ ጨው አይሆንም። ሙቀቱ ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ይሁን። በናይሮቢ የሐምሌ ብርድ ማሞቂያ ግድ ነው። ውሃ ሲተን ጨው ስለሚቀር፣ የጎደለውን ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ሙሉ።

ገንዳው ስድስት ወር ያህል ሳይረጋ አታስገቧት። ቦታው ካልተመቻት በእግሯ እየተንፏቀቀች ትሄዳለችና ፓምፑ ስቦ እንዳይቆራርጣት አፉን በስፖንጅ ሸፍኑ።

በሳምንት አንዴ የጥፍር ያህል ሽሪምፕ ስጧት። ጣት የመሰሉ ክንዶቿ ቀስ ብለው ይታጠፉና ወደ አፏ ያደርሱታል።

ከነጣች አልጌዎቿ እየለቀቋት ነው። ባሕር ሲሞቅ በኬንያ ጠረፍ ያሉ እህቶቿም እንዲሁ ይነጣሉ። የቤቱን አኒሞኒ የሚንከባከብ ሰው የባሕሩም ሕመም ይሰማዋል።

(ሙዚቃ)