ስለ ጎረቤቶቻችን እናቶች ሐዘንና የደም ግፊት
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ስለ ሂስፓኒክ እናቶች ነው። «በእድር ስብሰባ ላይ የሰው አገር እናት ምን አመጣት?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን እኛ በዋሽንግተንና በአካባቢው የምንኖር ሰዎች ከሳልቫዶርና ከጓቴማላ ከመጡ ሰዎች ጋር በአንድ ሕንፃ እንኖራለን፤ በሆቴሉም በአረጋውያን መጦሪያውም አብረን እንሠራለን። ጎረቤት ታሞ ዝም ማለት ደግሞ ያሳደገን ወግ አይደለም።

ከኛ በላይ ባለው ፎቅ አንዲት የሳልቫዶር እናት አሉ፤ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ተጠግቷል። የልጅ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያደርሳሉ፣ ይመልሳሉ፣ ያበላሉ። «ደኅና ነዎት ወይ?» ስንላቸው «ኔርቪዮስ ነው» ብለው ያልፉናል። አንድ ቀን አንድ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ ሆስፒታል ገቡ። የደም ግፊት ክኒናቸው ሳይነካ መሳቢያ ውስጥ ተገኘ። ረስተውት እንዳይመስላችሁ፤ ኋላ ለልጃቸው እንደ ነገሯት፣ «ለማን ብዬ ልኑር» ብለው የተዉት ኖሯል። ይህን ስንሰማ አፈርን። ቢሞቱ ኖሮ ለቀብር እንሄድ ነበር፤ በቁማቸው ግን አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብለን አልጠየቅናቸውም።

«ኔርቪዮስ» በስፓኒሽ «ነርቭ» ማለት ነው። ብዙ የላቲን አሜሪካ ሰዎች ጭንቀቱንም፣ የልብ ምቱንም፣ ሐዘኑንም በዚሁ ስም ይጠሩታል። ከዚህ ስም በታች ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት የመንፈስ ጭንቀት ተደብቆ ሊቀር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በካሊፎርኒያ፣ በሳክራሜንቶ አካባቢ፣ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ በሆነ ላቲኖዎች ላይ ጥናት ተጀምሮ ነበር፤ አብዛኞቹ የሜክሲኮ ዘር ናቸው። በመጠይቅ ሲመዘኑ ከ100 ሴቶች 32ቱ፣ ከ100 ወንዶች 16ቱ ያህል ከፍ ያለ የድባቴ ምልክት ታየባቸው። ከአሜሪካ ኑሮ ጋር ያልተላመዱት ደግሞ ይበልጥ ተጎድተው ተገኙ።

ድባቴና የደም ግፊት ይደጋገፋሉ። ያዘነ ሰው እንቅልፍ ያጣል፣ ከቤት አይወጣም፣ ክኒኑንና ቀጠሮውን ይተዋል። ሰውነቱም በጭንቀት ጊዜ የሚመነጨውን ሆርሞን ስለሚያበዛ ግፊቱ አልወርድ ይላል። ግፊቱ ደግሞ ለዓመታት ሳይታከም ከቆየ የአንጎልን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጎዳል፤ ይህም ሐዘኑን ሊያብሰው ይችላል። ያዘነ ሁሉ ግፊት አለው ማለታችን አይደለም፤ ጨው፣ ውፍረት፣ ዕድሜና ዘር ሁሉ ድርሻ አላቸው። ግን አንዱን አክሞ ሌላውን መተው ሥራውን ግማሽ ላይ ማቆም ነው።

ሐኪም ዘንድስ ቢሄዱ? ብዙ ጊዜ የሚያስተረጉመው የልጅ ልጅ ነው። አያት በአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አፍ «መኖር አስጠላኝ» ትላለች እንዴ? ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። መብት ነውና ይጠየቅ።

ጎረቤቶቻችን መላ አላጡም። ፕሮሞቶራ የሚባሉ ከመካከላቸው የወጡ ሴቶች አሏቸው። ሐኪም አይደሉም፤ ሠልጥነው በየቤቱ እየገቡ በራሳቸው ቋንቋ ይመክራሉ። የአሜሪካ ብሔራዊ የልብ፣ የሳንባና የደም ተቋም እ.ኤ.አ. በ1994 «ሳሉድ ፓራ ሱ ኮራሶን»፣ «ጤና ለልብዎ» እንደ ማለት፣ የተባለውን ፕሮግራም ሲጀምር መነሻው ይኸው የዋሽንግተን አካባቢ ነበር። በኋላም ፕሮሞቶራዎች ትምህርቱን ወደየሰፈሩ አደረሱት።

እኛም ይህን ማድረግ አያቅተንም። ለልቅሶ ድንኳን የሚተክል እድር ለሕያው ሰው በር ማንኳኳት አይከብደውም። እንግዲህ የምንለምናችሁ ይህን ነው፦

አንደኛ፣ ለጎረቤት እናት ሁለት ጥያቄ አቅርቡ። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ደስ የሚልዎ ነገር ቀርቶብዎታል? ልብዎ አዝኖ፣ ተስፋ ቆርጠው ነበር?» አዎን ካሉ ሐኪም ዘንድ እንዲሄዱ እርዷቸው።

ሁለተኛ፣ ግፊት ይለካ። ከመለካት በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣ፤ አምስት ደቂቃ ጸጥ ብሎ መቀመጥ ነው። በአሜሪካ በ2017 በወጣው መመሪያ መሠረት የላይኛው ቁጥር 130 ወይም የታችኛው 80 ከደረሰ ከፍተኛ ይባላል። አንድ ጊዜ ብቻ ተለክቶ አይፈረድም፤ ክኒንም ሐኪም ሳይጠየቅ አይቆምም።

ሦስተኛ፣ «ሕይወቴ ይብቃኝ» የሚል ቃል ከሰማችሁ ብቻቸውን አትተዉ፤ በ988 ደውሉ፤ በስፓኒሽ የሚያነጋግር ሰው አለ።

እዚህ የተቀመጣችሁ እናቶቻችን፣ የልጅ ልጅ ልታሳድጉ ባሕር ተሻግራችሁ የመጣችሁ፣ በዚህ ወሬ ውስጥ ራሳችሁን ሳታዩ አልቀራችሁም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። እናንተም አትደብቁን።

ጎረቤታችን ዛሬ በከዘራ ይሄዳሉ፤ ክኒናቸውን ይወስዳሉ፤ ስለ ሐዘናቸውም ይታከማሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ከኛ ጋር ነው የሚጠጡት።