የሞተር ብስክሌታችን ሰንሰለት
(በቁሓ ለመስክ ሠራተኞችና ለእንግዶች ከተሰጠ ንግግር)



ከእናንተ አንዱ፣ «የምንልከው ገንዘብ ምን ላይ ይውላል?» ብሎ ጠይቆን ነበር። ዛሬ የምንመልስለት ስለ አንዲት ትንሽ ነገር በመናገር ነው፤ ይኸውም መካኒኮች ካቴና ስለሚሉት ስለ ሞተር ብስክሌት ሰንሰለት ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ዓዲግራት የሚወስደው አስፋልት በቁሓ ያልፋል። የምናገለግላቸው ሰዎች ግን የሚኖሩት ከአስፋልቱ ርቀው ነው። ከዋናው መንገድ እንደ ወጣን የእንደርታ የኖራ ድንጋይ ይቀበለናል፤ በበጋ እንደ ዱቄት የደቀቀ አቧራ፣ በክረምት ደግሞ ጭቃ ነው። መኪና በማይገባበት ስፍራ የምንደርሰው በሞተር ብስክሌት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰንሰለታችን ሳምንት ሙሉ ሲንቋቋ እየሰማን፣ «ነገ እናየዋለን» እያልን አለፍነው። በሳምንቱ ለተጎዱ ሕፃናት አልሚ ምግብ ጭነን ስንሄድ ዳገት ላይ ተበጠሰ። ሞተሩን እየገፋን ከመንደሩ ስንደርስ መሽቶ ነበር። እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ከጥዋት ጀምሮ ዛፍ ሥር ሲጠብቁን ውለው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። የሁለት ሰዓት መንገድ በእግራቸው የመጡም ነበሩባቸው። በማግሥቱ ይቅርታ ስንጠይቅ አንዲት እናት፣ «መንገዱ እንዳስቸገራችሁ አውቀናል» አለችን። ያስቸገረን ግን መንገዱ አልነበረም፤ የራሳችን ስንፍና ነበር።

ሰንሰለት ሲረዝም «ተለጠጠ» እንላለን፤ ብረቱ ግን አልተለጠጠም። ዛሬ የምንጠቀምበትን ዓይነት ሰንሰለት ሐንስ ሬኖልድ የተባለ መሐንዲስ በእንግሊዝ አገር፣ በማንችስተር፣ እ.ኤ.አ. በ1880 ሠራው። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ውስጥ አንድ ቀጭን ብረት በቱቦ ውስጥ ይዞራል። አቧራ ከዘይት ጋር ተደባልቆ ወደዚያ ሲገባ ብረቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ከመቶ የሚበልጡት መጋጠሚያዎች እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ሲበሉ ሰንሰለቱ ይረዝማል፤ የመንኰራኩሮቹንም ጥርስ ይጨርሳል።

እንግዲህ የምናደርገው ይህ ነው።

አንደኛ፤ ሞተሩ ይጥፋ። ጎማውን በእጃችሁ አዙሩ። ሞተሩ እየሠራ ሰንሰለት የሚጠርግ ሰው ጨርቁ ሲያዝበት ጣቱም አብሮ ይሄዳል።

ሁለተኛ፤ ሰንሰለቱን በነጭ ጋዝና በብሩሽ አጥባችሁ በጨርቅ አድርቁት። ቤንዚን አይሁን፤ በቀላሉ እሳት ይይዛል፣ የጎማ ቀለበት ያለውንም ሰንሰለት ያበላሻል።

ሦስተኛ፤ ማታ ከጉዞ ስትመለሱ፣ ሰንሰለቱ ሳይቀዘቅዝ፣ የካምቢዮ ዘይት ከታች በሚያልፈው ክፍል በውስጠኛው ገጽ ላይ ጠብ ጠብ አድርጉ። ሰንሰለቱ ሲዞር ዘይቱ ወደ ውጭ እየተገፋ መጋጠሚያዎቹን ያዳርሳል። የተረፈውን ጥረጉት፤ አቧራ የሚሰበስበው እርሱ ነው። ከሞተር የወጣ አሮጌ ዘይት አትጠቀሙ፤ የብረት ብናኝ አለበት። ይህን በየ500 ኪሎ ሜትሩ አድርጉ፤ ከዝናብና ከጭቃ በኋላ ግን በዚያው ማታ ይሁን።

አራተኛ፤ ልልነቱን ተመልከቱ። ከታች በኩል መካከሉ ላይ በጣት ሲገፋ፣ በብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር መንቀሳቀስ አለበት፤ የየሞተሩ መመሪያ መጽሐፍም ይታይ። ከጠበቀ ኩሽኔታውን ይጎዳል። ከላላ ከጥርሱ ወጥቶ የኋላውን ጎማ ሊቆልፈውና ነጂውን ሊጥለው ይችላል። ስታስተካክሉም በግራና በቀኝ ያሉት ምልክቶች እኩል ይሁኑ።

አምስተኛ፤ ሰንሰለቱን ወጥራችሁ ለኩት። የአንዱ መጋጠሚያ ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር በሆነ ሰንሰለት ላይ ሃያው አዲስ ሳሉ 254 ሚሊ ሜትር ናቸው። 259 ከደረሱ ሰንሰለቱን ከሁለቱም ባለ ጥርስ መንኰራኩሮች ጋር ለውጡት፤ ያረጀ ጥርስ አዲሱን ሰንሰለት ፈጥኖ ይጨርሰዋልና።

በጦርነቱ ጊዜ፣ ማለት ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም.፣ በትግራይ ነዳጅም መለዋወጫም እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ያን ጊዜ በእጅ ያለውን ሰንሰለት ጠብቆ ማቆየት ምን ያህል እንደሚጠቅም ተማርን።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ዘይት መቀባቱ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም። የእናንተ ስጦታ ሞተር ብስክሌቱን ይገዛል፤ ከመንደሩ የሚያደርሰው ግን ማታ ማታ የምናደርግለት ጥንቃቄ ነው። ስለ እኛ ስትጸልዩ፣ ደክሞት ሲመለስ ከመተኛቱ በፊት ብሩሹንና የዘይቱን ጣሳ የሚያነሣውን ሠራተኛ አስቡት። እናቶቹ ዛፍ ሥር የሚጠብቁት እርሱን ነው።