ዝናብ ሳይጓደል የሚመጣ ችግር
(ለዕርዳታና ለሠፈራ ሥራ ኃላፊዎች የተደረገ ንግግር)



የችጋር ነገር ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው የዝናብ መጥፋት ነው። ይሁን እንጂ ማሳው ሳይደርቅ ወደ ገበሬው ጎጆ የሚገባ ችግርም አለ፤ ይኸውም የሰብል ዋጋ በዓለም ገበያ መውደቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1962 የተፈረመው ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት ለአምራች አገሮች የሽያጭ ኮታ በመደልደል ዋጋው ከልክ በላይ እንዳያሽቆለቁል ይረዳ ነበር። የኮታው ሥርዓት በ1989 ከፈረሰ በኋላ ግን ገበያው ልጓም አጣ። በ1980ዎቹ አብዛኛዎቹ ዓመታት ፓውንዱ ከ1 የአሜሪካ ዶላር በላይ ያወጣ የነበረው ቡና፣ በ2001 ከ50 ሳንቲም በታች ወረደ። በሐረርጌ አንዳንድ ገበሬዎች የቡና ተክላቸውን ነቅለው ጫት ተከሉ። በሲዳማና በሌሎችም ቡና አብቃይ አካባቢዎች ጥሬ ገንዘብ ያጣው ቤተሰብ እህል መሸመት ተሳነው። በ2002 ድርቅ ተደረበበትና በተከታዩ ዓመት በኢትዮጵያ 13 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ ጠባቂ ሆነ። የዚህ ሁሉ ሰበብ ቡና ብቻ አልነበረም፤ ነገር ግን በቡና አብቃይ ወረዳዎች ለክፉ ቀን የተቀመጠው ጥሪት ቀድሞ ማለቁ ጉዳቱን አከበደው።

ታዲያ መፍትሔው ከንግድ መሸሽ ነውን? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የአባላቱን ቡና በቀጥታ ለውጭ ገዢ በመሸጥ ከትርፉ ለገበሬው እንዲደርስ አድርጓል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2001 ከጦር መሣሪያ በስተቀር የታዳጊ አገሮችን፣ ይኸውም በዕድገት እጅግ ወደ ኋላ የቀሩትን፣ ሸቀጦች ያለ ቀረጥ ለማስገባት ደንብ አውጥቷል። ሆኖም በሩ መከፈቱ ብቻውን አይበቃም። መንገድ፣ መጋዘን፣ ብድር፣ የቡና ማጠቢያና መቁያ ከሌለ አገሪቱ ጥሬ ፍሬ ብቻ ስትሸጥ ትኖራለች፤ ቆልቶና አሽጎ የሚሸጠው ሌላው የዋጋውን ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። በሠፈራ አዲስ መሬት ያገኘ ቤተሰብም ምርቱን የሚያወጣበት መንገድና ገበያ ካጣ ከዕርዳታ ጥገኝነት ለመላቀቅ ይቸገራል።

በመሆኑም የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሠራተኞች የዝናቡን መጠን ሲመዘግቡ የገበያውንም ዋጋ ጎን ለጎን ሊመዘግቡ ይገባል። ገበሬው 1 ኪሎ ቡና ሸጦ ስንት ኪሎ በቆሎ ይሸምታል? ይህ ቁጥር በየወሩ እየቀነሰ ከሄደ፣ ሰማዩ ደመና ቢያዝልም እንኳ ችጋር በመንገድ ላይ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ዕርምጃው በሬው ሳይሸጥ፣ ቤተሰቡም ቀዬውን ሳይለቅ መወሰድ አለበት።