በጠባብ ግቢ ምን ዓይነት ዛፍ ይተከል?



የዛሬው ንግግሬ በጠባብ ግቢ ዛፍ መርጦ ስለ መትከል ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ዛሬ ያለ ሐሳብ የተተከለ ችግኝ ከዐሥር ዓመት በኋላ ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል።

በስማዳ፣ በወገዳ ከተማ፣ በሥራ ላይ ሳለሁ ከአጥሬ ሥር አምስት ባሕር ዛፍ ተክዬ ነበር። ፈጥነው ቢያድጉልኝ ደስ አለኝ። ዳሩ ግን ሥራቸው አጥሩን አልፎ ሄደ፤ ጥላቸውም ተከተለ። ጎረቤቴ በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩና፣ «ልጄ፣ ያንተ ዛፍ የእኔን ጎመን ፈጀው» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ዛፎቹን ብቈርጣቸውም ጉቶው እንደ ገና አቈጠቈጠ፤ በመጨረሻ በብዙ ድካም ከነሥሩ አስነቀልሁት።

ባሕር ዛፍን መንቀፌ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ማገዶና የቤት መሥሪያ ሆኖ ብዙ ሕዝብ ጠቅሟል። ነገር ግን ውሃ አብዝቶ የሚጠጣ ነውና ቦታው ሰፊ ዳገት እንጂ የቤት ጥግና የውሃ ጕድጓድ ዳር አይደለም።

ዝግባና ጥድ፣ ዋንዛም እንዲሁ፣ ያማሩ ዛፎች ናቸው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግርማ የሚያገኘው በነዚህ በመሳሰሉት ነው። ለግርማቸው ግን ሰፊ ቦታ ይሻሉ።

ለጠባብ ግቢ የሚስማማው ጌሾ ነው፤ ቁመቱ አጭር ነው፤ ቢቈርጡትም መልሶ ያቈጠቍጣል። በደጋና በወይና ደጋ ኮክ፣ ሞቅ ባለው አገር ሎሚ መልካም ነው። ወይራ የወደደ አንድ ብቻ፣ ከግድግዳ አርቆ ይትከል፤ ዝግ ብሎ ያድጋልና ትዕግሥት ይጠይቃል።

ደግሞም የፀሐይን አካሄድ እንመልከት። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ብርዱ በሚጠናበት ወራት፣ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ ረዥሙን ዛፍ ከቤቱ በስተ ሰሜን የተከለ ሰው ሙቀቱን አያጣም። ጕድጓዱን በግንቦት ቆፍሮ፣ ችግኙን ዝናቡ ሲጸና በሐምሌ መትከል ይገባል።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ነን። የተከልነው ግን ለተከታያችንና ለጎረቤታችን ይቀራል። እኔ በባሕር ዛፉ ፈንታ ጌሾ ተከልሁ፤ ከወገዳ ስዛወርም እኒያ እናት ከዚያው ጌሾ በጠመቁት ጠላ መርቀው ሸኙኝ።