የጥንት ሕንጻን ስለ መጠበቅ



ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ከቀደሙት ሰዎች የተቀበልነውን ሕንጻ ለሚመጡት ሳይጐድል ስለ ማስረከብ ነው። የፈረሰ አጥር በማግሥቱ ይታጠራል። የጥንት ግንብ ግን አንድ ጊዜ ከፈረሰ፤ በምትኩ ምንም ያማረ ቤት ቢሠራ፤ አዲስ ቤት ነው እንጂ የጥንቱ አይደለም።

ለዚህ ነገር ጐንደር ትምህርት ትሆነናለች። ዐፄ ፋሲለደስ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1636 ዓመት ከተማዋን ከቈረቈሩ በኋላ የተሠሩት ግንቦች በድንጋይና በኖራ የታነጹ ናቸው። በዚያው አቈጣጠር በ1930ዎቹ፤ በኢጣልያ ወረራ ዘመን፤ በሲሚንቶና በብረት ጥገና ተደረገባቸው። ኋላ ግን ዐዋቂዎች ይህን እያስወገዱ በኖራ መተካት ግድ ሆነባቸው። ኖራ በግንቡ ውስጥ የገባውን እርጥበት ቀስ አድርጎ ያወጣል፤ ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል፤ የታፈነውም ውሃ ድንጋዩን እያላላ ይሸረሽረዋል። ስለዚህ የጠነከረ ነገር ሁሉ ለጥንት ግንብ መድኀኒት አይደለም።

እንግዲህ የመንደር ሰው ምን ያድርግ ብትሉ፤ ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፤ ክረምት ሳይገባ በጣሪያውና በግንቡ ጫፍ የበቀለውን ቡቃያ ገና ለጋ ሳለ ንቀሉ። ሥሩ ከወፈረ ግን ባለሙያ ሳትጠይቁ አትቍረጡት፤ በጐንደር በፋሲለደስ መዋኛ ግንብ እንደሚታየው ትልቅ ሥር ከድንጋዩ ጋራ ይተቃቀፋልና፤ እርሱን መንቀል ግንቡን መናድ ይሆናል። የዝናብ ውሃም ከመሠረቱ አጠገብ እንዳይቆም ቦይ ቅደዱ። የወደቀውን ድንጋይ ለቤታችሁ አትውሰዱ፤ በስፍራው ሰብስባችሁ አኑሩት፤ ለጥገና ይፈለጋልና።

ስንጥቅ ባያችሁ ጊዜ ለወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት አስታውቁ እንጂ በራሳችሁ አትለስኑት። በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1992 ዓመተ ምሕረት የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቍጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ማደስን ከልክሏል። ተማሪዎችም የስንጥቁን ስፋት በየወሩ እየለካችሁ ከነቀኑ በደብተር ጻፉ፤ ቢሰፋ ባለሙያው ከዚያ ያውቀዋል። ደግሞም ኖራ እንዴት እንደሚቃጠል፤ ድንጋዩ ከየት እንደ ተፈለጠ የሚያውቁትን ሽማግሌዎች ጊዜ ሳይቀድማችሁ ጠይቁ።

ሕንጻው እስከ ዛሬ የቆመው በየዘመኑ የሚጠብቀው ሰው ስላላጣ ነው። በዘመናችን ጠባቂዎቹ እኛ ነን።