ለአኳሪየማችን የትኛውን ቀይ ተክል እንምረጥ?
በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር



ከሂሳብ ክፍል ስንጠራ ሁላችሁም ቁጥር ትጠብቃላችሁ። ዛሬ ግን ስለ ቅጠል ነው የምንናገረው፤ ቅጠሉም መዝገባችን ላይ የገባው በኪሳራ ነውና።

ቡና ቤታችን ውስጥ ያለውን የዓሣ ገንዳ ታውቁታላችሁ። ባለፈው ዓመት ደንበኛ ይስባል ብለን ከአዲስ አበባ ቀያይ የውኃ ውስጥ ተክሎች አስመጣን። ወር ሳይሞላ ግማሹ አረንጓዴ ሆነ፣ ግማሹ በሰበሰ። ሻጩን ወቀስን። በኋላ ስናጣራ ጥፋቱ የእኛው ነበር፤ መልካቸውን ብቻ አይተን ነው የገዛናቸው።

ቀይ ቅጠልም እንደ ሌላው ምግቡን የሚሠራው በአረንጓዴው ቀለም ነው። ቀዩ በብዙዎቹ ላይ አንቶሳያኒን የሚባል ተደራቢ ቀለም ነው፤ ብርሃን ሲያንሰው ተክሉ እሱን መሥራቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ብዙዎቹ ጠንካራ መብራትና ብረት ያለበት ማዳበሪያ፣ አንዳንዶቹም በቱቦ የሚገባ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈልጋሉ። ሮታላ በደካማ መብራት አረንጓዴ ሆና ትቀራለች። አልተርናንቴራ እጅግ ታምራለች፣ ግን እድገቷ አዝጋሚ ስለሆነ ቅጠሏን አልጌ ይወርሰዋል። መብራት እየጠፋ በሚመጣበት ቤት ለእነዚህ ብር ማውጣት አይታየንም።

የመረጥናቸው ሁለት ናቸው። አንደኛው ክሪፕቶኮሪን ነው፣ ቡናማ ቀዩ ዓይነት። ደብዘዝ ያለ ብርሃን ይችላል። አዲስ ሲተከል ቅጠሉ ሟሙቶ ይረግፋል፤ ሥሩን ካልነካነው መልሶ ያወጣል። (አምና «ሞተ» ብለን ነቅለን የጣልነው ይኸው ሳይሆን አይቀርም!) ሁለተኛው ቀይ ሎተስ ነው፤ ቅጠሉ ወደ ላይ ሊወጣ ሲል እየቆረጡ ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

ሌላው ጉዳይ ከብሩ ይከብደናል። የተቆረጠውን ቅጠል ከገንዳው ውኃ ጋር ቦይ ውስጥ ስንደፋ ከርመናል። ቦዩ ወደ እንፍራንዝ ወንዝ፣ ወንዙም ደንገሉን አቋርጦ ወደ ጣና ይወርዳል። እንቦጭም ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው አበባው ስለሚያምር ለኩሬ ማስጌጫ እየተወሰደ ነው። በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ፣ በ2011 ደግሞ በጣና ታየ። በእጃችን ልንነቅለው ውኃ ውስጥ የገባን ሴቶች እዚሁ ተቀምጠናል፤ ወገባችን አልረሳውም።

ሉድዊጊያ ከቁራጭ ግንድ ሥር አውጥታ ታድጋለች። ይህን ስንረዳ ደንግጠን ቦዩን ከላይ እስከ ታች ፈተሽን። ሥር የሰደዱ ሁለት ቁራጮች አግኝተን አቃጠልን። ሌላ አላየንም፤ ዝናቡ ሲያባራ ግን ደግመን እንወርዳለን፣ ጫማ ያላችሁ ተከተሉን።

አሁን የምንጠይቀው የሁለቱ ተክሎችና የአንድ መብራት ወጪ እንዲጸድቅ ነው፤ ዋጋው በፕሮፎርማው ላይ አለ። ቁራጩን ፀሐይ ላይ አድርቀን የምናቃጥልበትን አሮጌ ሰፌድ ግን ከቤት አምጥተናል፣ እሱ ወጪ የለውም።