ከሐዋሳ ወደ ጀርመን አገር በምን እንሂድ?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ማኅበራችን እንድናገርበት የሰጠኝ ርእስ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ጨዋታ አይደለም። በመካከላችን ለነጻ የትምህርት ዕድል ማመልከቻ የጻፉ አሉ፤ መልስ የሚጠባበቁ አሉ፤ መጠበቁ ሰልችቷቸው ደላላ የሚያነጋግሩም አሉ። ንግግሬ ለሦስቱም ነው።

አስቀድመን የቀደሙትን እናስታውስ። የጅቡቲው ምድር ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፥ አዲስ አበባ የደረሰው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. አውሮፓን ሲጐበኙ፥ በዚሁ ባቡር ጅቡቲ ወርደው ከዚያ በመርከብ ሄዱ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጋቢት 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ መብረር ጀመረ፤ በ1950 ዓ.ም. ፍራንክፈርት ገባ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የቦይንግ ጄት አሰማራ። ሳምንታት ይፈጅ የነበረው መንገድ የአንድ ሌሊት ጉዞ ሆነ።

ዛሬስ ስንት መንገድ አለን? አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ጅቡቲ ይመላለሳል፤ ይሁን እንጂ ከጅቡቲ ወደ አውሮፓ መንገደኛ የሚያሳፍር መደበኛ መርከብ የለም። በመተማ በኩል የሚሄደው የየብስ መንገድ የሚያልፈው በሱዳን ነው፤ በሱዳን ደግሞ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ። እንግዲህ ለተማሪ የቀረለት አይሮፕላን ብቻ ነው።

አይሮፕላኑም ቢሆን ምርጫ አለው። ከቦሌ በቀጥታ ፍራንክፈርት መድረስ ሰባት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በካይሮ፥ በኢስታንቡል፥ በዱባይ ወይም በዶሃ የሚያልፉት አንዳንድ ጊዜ ይረክሳሉ፤ ግን ጉዞው ይረዝማል። ዋጋ ስታወዳድሩ አንድ ነገር መርምሩ፤ ጉዞው ሁሉ በአንድ ትኬት ተቈርጧልን? በአንድ ትኬት ከሆነ፥ የፊተኛው በረራ ዘግይቶ ኋለኛው ቢያመልጣችሁ በሌላ በረራ የሚልካችሁ አየር መንገዱ ነው። ሁለት ትኬት ለየብቻ የገዛ ግን ኪሳራው የራሱ ነው።

ከሐዋሳ አዲስ አበባ በመኪና ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነው። በአይሮፕላን ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው። በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ከአንድ ቀን በፊት አዲስ አበባ ይደር፤ ሻሸመኔ ወይም ሞጆ ላይ መንገድ ቢዘጋ አይሮፕላን ቆሞ አይጠብቅም።

የሰዓት ነገርም አለ። ወደ አውሮፓ ከሚሄዱት በረራዎች ብዙዎቹ የሚነሡት በሌሊት ነው። ትኬቱ «ሐሙስ 00:30» ካለ፥ በእኛ አቈጣጠር ረቡዕ ማታ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ሐሙስ ማታ ሻንጣውን ይዞ ቦሌ የሚደርስ ሰው አይሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው።

ፍራንክፈርት ስትደርሱ የረጅም ርቀት ባቡር ጣቢያው እዚያው አይሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ነው። ወደ ሽቱትጋርት ከአንድ ሰዓት ጥቂት ይበልጣል፤ ሻንጣም አይመዘንም። ቀደም ብሎ የተገዛ የባቡር ትኬት በዕለቱ ከሚገዛው እጅግ ይረክሳል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ «ዶይችላንድ ቲኬት» የሚባል የወር ትኬት አለ፤ በአገሩ ሁሉ በከተማ አውቶቡስና በአካባቢ ባቡር ያስሄዳል፤ በፈጣኑ ባቡር ግን አያሳፍርም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ የጉዞው ቀላሉ ክፍል ነው። ከሐዋሳ ፍራንክፈርት አንድ ቀን ይበቃል፤ ከማመልከቻ እስከ ቪዛ ግን አንድ ዓመት ሊሄድ ይችላል። ከሦስት ወር በላይ የሚቆይ ተማሪ የሚጠይቀው የአጭር ጊዜውን የሸንገን ቪዛ ሳይሆን የጀርመንን ብሔራዊ ቪዛ ነው። ነጻ የትምህርት ዕድል የሌለውም አብዛኛውን ጊዜ የዓመት መተዳደሪያውን በተዘጋ ሒሳብ እንዳስቀመጠ ያሳያል፤ መጠኑ በ2017 ዓ.ም. 11,904 ዩሮ ነበር። ስለዚህ ዕድል የሚሻ ሰው ፓስፖርቱን፥ የተረጋገጠ የትምህርት ማስረጃውንና የቋንቋ ፈተናውን አስቀድሞ ያዘጋጅ፤ ትኬት የሚገዛው በመጨረሻ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ?

ደላላው የሚያሸንፈን እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ ሲዘገይ እርሱ «ወረቀት አያስፈልግም» ይላል። የሚሸጠው መንገድ ግን የሰሐራ በረሃና የሊቢያ እስር ቤት፥ ከዚያም በጀልባ የሜዲትራኒያን ባሕር ነው። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ የተገደሉት ወገኖቻችን በዚህ መንገድ ላይ የነበሩ ወጣቶች ነበሩ። ቤተ ሰብ በሬ ሸጦ፥ መሬት አስይዞ የሰጠው ገንዘብ አጋች እጅ ሲገባ፥ ሌላ ገንዘብ ላኩ የሚል ስልክ ይደወላል። ይህን መንገድ ከአማራጮቹ አልቈጥረውም፤ ማንም ጓደኛ ለጓደኛው አይቍጠረው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ወደ ውጭ አገር ሄደው የተማሩ ቀደምቶቻችን ያለፉበትን ተራ በተራ እንዲጽፉልን እንጠይቅ፤ የማመልከቻው ቀን፥ የሚጠየቀው ወረቀት፥ የወጣው ወጪ በአንድ መዝገብ ይግባና በቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ደላላ የሚነግደው በአለማወቃችን ነው፤ ዕውቀቱ በነጻ ከተገኘ ገበያው ይዘጋል። ሄዶ የተማረ ሰውም ተመልሶ ለቀሩት ያስተምር።